ጅብ ሲመጣ የሚጮኸው ማነው?

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ባልደረቦቼ ጎባ አንድ ሆቴል ውስጥ ተሰብስበው ጋቢ አለበሱኝ። ንግግር ካደረጉት ውስጥ ሥራዬን የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ «የአማርኛ መምህርት» አለኝ፤ አንዱ «የባህል ባለሙያ»፤ ሦስተኛው ደግሞ «እናታችን»። እናቱ አይደለሁም፤ ልጅ አልወለድኩም። ኬክ እየበላን ሳለ አጠገቤ የተቀመጠ፣ ኢኮኖሚክስ የሚያስተምር ወጣት ጠጋ ብሎ፣ «እትዬ ጽጌ፣ ቅር እንዳይልዎት፤ ግን ይሄ የከብት ዘፈን መሰብሰብ ለምን ይጠቅማል?» አለኝ። ልጁ ክፋት የለውም፤ የምሩን ማወቅ ፈልጎ ነው። እኔ ግን ኬኩን አስቀመጥኩ። መልስ ሳልሰጠው ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ጋቢውን አጣጥፌ ሣጥን ውስጥ ከተትኩና ልጽፍለት ተቀመጥኩ፤ መልሱ ረዘመብኝ።

የጎባ ልጅ ነኝ። አባቴ ለመንግሥት ሥራ ከመንዝ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። አማርኛን ከእሱ፣ ኦሮምኛን ከሰፈር ልጆች ጋር እየተደባደብኩ ተማርኩ። መጀመሪያ የተመደብኩት ገሰራ ነው፤ አማርኛ አስተማሪ ሆኜ። ርዕሰ መምህራችን ደወል ሳይደወል በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ፣ መምህር ሲስቅ ካየ ቀኑን ሙሉ የሚከፋው ሰው ነበር። ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከሽሮ አያልፍም፤ ስለሱ ብዙ የምለው የለኝም። የገበያ ቀን ግማሹ ተማሪ ስለማይመጣ እኔም ወጥቼ ገብስ የሚያበጥሩ ሴቶች አጠገብ እቆም ነበር። ሲያበጥሩ ያንጎራጉራሉ። ያንን መጻፍ ጀመርኩ፤ ማንም አላዘዘኝም። ርዕሰ መምህሩ ሰማና «ጊዜ ከተረፈሽ ፈተና አርሚ» አለኝ። ፈተናውንም አረምኩ፣ ዘፈኑንም ጻፍኩ።

ከዚያ ነው ወደ ጎባ የተዛወርኩት። ያኔ ከጥድ ዛፎቹ ሥር አንዲት ትንሽ የጥናት ጣቢያ ነበረች። ዛሬ የለችም፤ ቤቱ የእህል መጋዘን ሆኗል። በአንድ ኮሪደር ላይ ሦስት ክፍሎች ነበሯት፤ የመጀመሪያው በር የእንስሳት ጥናት፣ መሐለኛው የኑሮና የኢኮኖሚ ጥናት፣ የመጨረሻው፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ ያለው፣ የሥነ ቃል። የመጨረሻው የኔ ነው። እንስሳት ክፍል ሲገባ አፍንጫ የሚሰነፍጥ የመድኃኒት ሽታ አለ፤ መደርደሪያው ላይ በጠርሙስ የተዘፈዘፉ ፍልፈሎች ተደርድረዋል። መሐለኛው ክፍል ውስጥ የማተሚያው ማሽን ቀኑን ሙሉ መጠይቅ ይተፋል። እኔ ደግሞ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ አንዱን ስንኝ አሥሬ እመልሳለሁ። በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው ሲያየኝ ሬዲዮ የማዳምጥ ይመስለው ነበር።

ሦስታችን የምንሠራው አንድ አገር ላይ ነው። የምንጋራው አንድ መኪና ነበር፤ ብዙ ጊዜም የምንወርደው አንድ ሰው ደጃፍ ላይ ነው። ከመኪናው ስንወርድ ግን የእንስሳቱ ሰው ወደ ሜዳው፣ የኢኮኖሚክሱ ሰው ወደ አባወራው፣ እኔ ወደ ሴቶቹ እንበተናለን። ስንመለስ ስለ ብርዱና ስለ መንገዱ እናወራለን እንጂ ስለ ሥራችን አናወራም። በሰው ሙያ አለመግባት ጨዋነት ይመስለን ነበር። አንዳችን የሌላችንን በር ሳናንኳኳ ዓመታት ኖርን፤ እርስ በርስ የተጣላን ሰዎች ብንሆን እንኳ እንዲህ አንለያይም።

የእንስሳቱ ሰው ጋሽ መኮንን ናቸው። ሙያቸው ከሙያዬ ጋር አይገናኝም፤ ሥራ ያስተማሩኝ ግን እሳቸው ናቸው። ጣቢያው በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ሳነቴ ተራራ አናት ላይ ይዘውኝ ወጡ። ሁልጊዜ የሚይዟት የበግ አጎዛ ቁራጭ ነበረቻቸው፤ ያቺን አነጠፉልኝና አንድ የፍልፈል ጉድጓድ ፊት አስቀመጡኝ። ውርጩ ሣሩ ላይ እንደ ጨው ነጭቷል። «ምን ላድርግ?» ብላቸው፣ «ምንም። እስኪረሳሽ ድረስ ተቀመጪ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። እግሬ ደነዘዘ፣ ጣቴ ደነዘዘ። በልቤ እየሰደብኳቸው ነበር። ፀሐይ ውርጩን ስታቀልጠው ፍልፈሉ ብቅ አለ፤ ሣር ቆርጦ ጎትቶ ገባ። ያኔ ነው ከጉድጓዱ ወዲያ፣ ጅባራው ሥር፣ ሆዷን መሬት ላይ ለጥፋ የተኛች ቀይ ቀበሮ ያየሁት። እሷም ስትጠብቅ ነው ያረፈደችው።

ስንነሣ «ምን አየሽ?» አሉኝ። «የተራበች ቀበሮ» አልኳቸው። ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ሊቆጡ ሲሉ ሁልጊዜ መነጽር ይጠርጋሉ። «መራቧን አየሽው ወይስ ገመትሽው?» አሉኝ። መገመቴን አመንኩ። «እንግዲያው የተኛች ቀበሮ ነው ያየሽው።» ይህቺ ጥያቄያቸው ሥራ እስካቆም አልለቀቀችኝም። ዘፈን ስሰበስብም «ዝፈኑልኝ» ማለት ትቼ እስኪረሱኝ መቀመጥ የለመድኩት ከእሳቸው ነው። ሁለተኛው ልማዳቸው ሰላምታ ነው። የባሌ ሰላምታ ረጅም ነው፤ ራስህ ደህና ነህ፣ ልጆች ደህና ናቸው፣ ከብቱ፣ ገብሱ፣ ዝናቡ፣ ጎረቤቱ እየተባለ ይሄዳል። ጋሽ መኮንን ይሄ ሁሉ ሳያልቅ ጥያቄ አያነሡም ነበር። አብሯቸው የሄደ ሰው ከቸኮለ፣ «አንተ መኪና ውስጥ ጠብቀን» ይሉታል።

መሐለኛው ክፍል የደረጀ ነው። የሆሳዕና ልጅ፣ ፈጣን፣ ሳቂታ፣ ከእኔ በብዙ የሚያንስ። መንደር ገብቶ የእያንዳንዱን ቤት ላምና በሬ፣ በግና ፈረስ፣ ማሳና አፍ ቆጥሮ ሲወጣ ላብ እንኳ አይታይበትም። «እትዬ ጽጌ፣ እርስዎ አንድ ዘፈን ሲቀዱ እኔ አንድ ቀበሌ እጨርሳለሁ» እያለ ያበሽቀኝ ነበር። «ለዚህ ነው ቀበሌው ሁሉ አንድ ዓይነት የሚመስልህ» እለዋለሁ። እወደው ነበር፤ አሁንም እወደዋለሁ።

ከዲንሾ በላይ፣ ወብ ወንዝ በሚወርድበት ሜዳ ዳር፣ አዴ ዘይነባ የሚባሉ ሴት ነበሩ። አዴ ማለት እዚህ አገር ለትልቅ ሴት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ ለወንድ ደግሞ ኦቦ ይባላል። ባለቤታቸው ኦቦ ሁሴን ዝምተኛ ከብት አርቢ ናቸው፤ ሐሊማ የምትባል አንዲት ልጅ ቤት ውስጥ ቀርታላቸዋለች። አዴ ዘይነባ ማታ ማታ ከብቱ በረት ሲገባ የሚሉት ዘፈን ነበራቸው። እያንዳንዷን ላም በስሟ ይጠራሉ፤ የእናቷን ስም፣ የጠፋችበትን ገደል፣ የወለደችበትን ጎርፍ እያነሡ ያስገቧታል። ስሟ እስኪጠራ በር ላይ ቆማ የምትጠብቅ ላም በዓይኔ አይቻለሁ። ዘፈኑ ሲያልቅ፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ አዴ ዘይነባ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጥቂት ነገር ይጨምራሉ። ያቺ መጨረሻ ዜማዋ ይፈርሳል፤ ቤት አትመታም። መቅጃዬ ውስጥ አለች፤ ስጽፍ ግን «መዝጊያ» ብዬ አልፋታለሁ። እኔን የገዛኝ የላሞቹ ስም ነበር። ስለ እነዚያ ስሞች አንድ ጽሑፍ አሳትሜ ተጨብጭቦልኛል።

አንድ ዓመት የውሻ ክትባት መጣ። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ቀይ ቀበሮ ይተላለፋል፤ ቀበሮዎቹ ደግሞ በቤተሰብ ስለሚኖሩ አንዷ ከተያዘች ቤተሰቡን ሙሉ ይዛ ትሄዳለች። በሽታው ሰውንም ይገድላል። ክትባቱ ለሁሉም መንደር አይበቃም ነበር። ኃላፊያችን፣ ቁጥር ሳያይ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው፣ ሁላችንንም ሰበሰበና ደረጀን «የት ነው ብዙ ውሻ ያለው?» አለው። ደረጀ ጥናቱን ዘረጋ። መንደር በመንደር፣ ቤት በቤት ጠይቋል። እነ አዴ ዘይነባ መንደር ላይ ሲደርስ «እዚህ ውሻ የለም» አለ።

ጋሽ መኮንን መነጽራቸውን አወለቁ። «ወብ ሜዳ ላይ ከከብት ጋር ውሾች አይቻለሁ» አሉ።

«የዚያ መንደር ናቸው?» አላቸው ኃላፊው።

መነጽራቸውን በእጃቸው አገላበጡ። ወቅቱ ከብት ማዕድን ያለው ምንጭ ውሃ ሊጠጣ ከታች ወደ ላይ የሚነዳበት ጊዜ ነው፤ ሆራ ይሉታል። ከሩቅ አገር እረኛና ውሻ ተከትሎ ይመጣል። «ወደ የትኛው ቤት እንደሚገቡ አላየሁም» አሉ ጋሽ መኮንን በመጨረሻ። ያላዩትን አይናገሩም። እኛን ሲቀጡበት የኖሩት ሕግ እሳቸውንም አሰራቸው። ክትባቱ ወደ ሌሎቹ መንደሮች ሄደ። እኔ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጬ ሻዬን እጠጣ ነበር፤ ጉዳዩ የሥነ ቃል ስላልሆነ የጠየቀኝም፣ የተናገርኩትም የለም።

ከዚያ በኋላ ገሰራ ሰርግ ልቀዳ ሄጄ ብዙ ቆየሁ። ስመለስ ኮሪደሩ ላይ ድምፅ ይሰማል፤ ጣቢያችን ውስጥ ድምፅ ከፍ ብሎ ሰምቼ አላውቅም። ጋሽ መኮንን ጭቃ የያዘ ቦቲያቸውን ሳያወልቁ መሐለኛው በር ላይ ቆመዋል። ወብ ሜዳ ላይ ዓመታት የተከታተሏቸው ቀበሮዎች አንድ በአንድ ሞተው አግኝተዋል፤ እናትየዋን፣ አባትየውን፣ የዘንድሮ ግልገሎቹን።

«ከውሻ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ውሻ የለም እኮ! እያንዳንዱን ቤት እኔ ራሴ ነኝ የጠየቅኩት» አለ ደረጀ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ኦቦ ሁሴንን ጠይቄያለሁ። ጎረቤቶቹን ጠይቄያለሁ። ሁሉም ‹የለንም› አሉኝ።»

ኦቦ ሁሴን ሲል ስሰማ ቦርሳዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ስንት ማታ እዚያ በረት አጠገብ ተቀምጫለሁ። ውሻ አይቻለሁ? አይቻለሁ መሰለኝ፤ ጨለማ ውስጥ የሚያልፍ ጥቁር ነገር። መሬት ላይ ላለ ነገር አልነበረም የሄድኩት። «እስኪ ቆዩ» አልኳቸውና ወደ ክፍሌ ገብቼ የአዴ ዘይነባን ድምፅ ከፈትኩ። ሁለቱም ተከትለውኝ ገቡ። እዚያ ክፍል ውስጥ ሁለቱ አንድ ላይ ሲቆሙ ያ የመጀመሪያው ነው። ላሞቹን ሁሉ አሳለፍኩ። በሩ ሲዘጋ ይሰማል። ከዚያ ያቺ ዜማዋ የምትፈርስ መጨረሻ መጣች፤ ደረጀ ኦሮምኛ አጣርቶ ስለማይሰማ ቃል በቃል ነገርኩት። «ጉራቻ፣ አንተ በላይ በኩል እደር። ዳለቻ፣ አንተ በወንዙ በኩል እደር። ጅቡ ሲመጣ ቀስቅሱኝ፤ ሌሊቱን ለእናንተ ሰጠሁ» ይላል።

ጉራቻ ጥቁር ማለት ነው፤ ዳለቻ ግራጫ፤ የውሻ ስም ናቸው። ደረጀ ወንበሬ ላይ ቁጭ አለ። እኔ ቤት መዝጊያ፣ እሱ ቤት ዜሮ፣ ጋሽ መኮንን ቤት ሬሳ፤ ሦስታችንም አንዱን ነገር ነበር የያዝነው።

በዚያው ሰዓት መኪናውን አስነሥተን ወጣን። ሮቤ ላይ ባጃጁና የፈረስ ጋሪው መንገዱን ዘግቶ ሲያቆመን ደረጀ መስኮቱን በጡጫው ይመታ ነበር። «ጋሼ፣ ሰው ተነክሶ ቢሆንስ?» አልኳቸው። «በሽታው ሳይታይበት ከደረስን መርፌ አለ፤ ይድናል» አሉ። «ከታየበትስ?» አልኩ። መነጽራቸውን ጠረጉ። «ከታየበት ምንም የለም» አሉኝ።

ስንደርስ ከብቱ እየገባ ነው። ከሩቅ ያንን ዘፈን ስሰማ ልቤ መለስ አለ፤ አዴ ዘይነባ ከዘፈኑ ደህና ናቸው ማለት ነው። ጠጋ ስንል ግን ድምፁ የሐሊማ ነው። ላሞቹ ድምፁን ስላልለመዱት በር ላይ ይጋፋሉ። በሩን ዘጋችና እንደ እናቷ ዝቅ አለች፤ ዳለቻን ብቻ ጠርታ አቆመች።

አዴ ዘይነባ ቤት ውስጥ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ደስ አላቸው። «ጽጌ፣ ነጋ ጅርታ?» ብለው ጀመሩ፤ ደህና ነሽ፣ ቤትሽ ደህና ነው፣ ጎባ ደህና ነው፣ ሰርጉ እንዴት ነበር። እየመለስኩ ግራ እጃቸውን አያለሁ። አውራ ጣታቸው ሥር የዳነ ጠባሳ አለ። ክንዳቸውን ሳያቋርጡ ያኩታል። የዚያን ዕለት ሰላምታው እንዲያልቅ ፈለግኩ፣ ደግሞም እንዳያልቅ ፈለግኩ። ጋሽ መኮንን እንደ ልማዳቸው እስከ መጨረሻው ድረስ እየመለሱ ቆሙ፤ ከብቱ ደህና፣ ዝናቡ ደህና፣ አልሃምዱሊላሂ።

«እጅዎ ምን ሆኖ ነው?» አልኳቸው ሲያልቅ።

«ኧረ ይሄማ ቆየ። ጉራቻ አሞት ነበር፤ ከጥጃው ላስለቅቀው ስል ጫር አደረገኝ» አሉ። «እሱ ምስኪን ሞተ። እኔ ድኛለሁ።»

ጋሽ መኮንን ሐሊማን ውሃ እንድትሰጣቸው ጠየቋት፤ ለአዴ ዘይነባ። ልጅቷ በኩባያ አመጣች። አዴ ዘይነባ እየሳቁ ተቀበሏት፣ ወደ አፋቸው አስጠጉ። ጉሮሯቸው ተዘጋ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠና ኩባያው ከእጃቸው ወደቀ። «ከትናንት ጀምሮ ውሃ ጠላኝ» አሉ፤ እንግዳ ፊት ስላፈሰሱ አፍረው። ሐሊማ ልትጠርግ ጎንበስ አለች። ጋሽ መኮንን ኮፍያቸውን አውልቀው መሬት ላይ፣ እርጥቡ ላይ፣ ቁጭ አሉ። እኔም ያኔ ገባኝ፤ ውሃ ያስጠላቸው በሽታው ነው፤ ከፊቴ ተቀምጠው የሚያወሩኝ ሴት ሞተዋል።

ጎባ አወረድናቸው። ሐኪሙ ጋሽ መኮንን መኪና ውስጥ ያሉትን ደገመልን። ኦቦ ሁሴንና ሐሊማ፣ ጉራቻን የነኩ ጎረቤቶችም፣ መርፌ ተወጉ፤ እነሱ ተረፉ። አዴ ዘይነባ ግን ቤታቸው እንዲሞቱ ቤተሰቡ ፈልጎ መለሳቸው። እስከሚያልፉ ድረስ ያየሁትን አልጽፈውም። የሚያስተኛ መርፌ እስኪይዛቸው ድረስ ስሜን እየጠሩ ነበር፤ ይበቃል።

ከቀብሩ በኋላ ደረጀ ኦቦ ሁሴን ፊት ቆመ። እንዳይጠይቅ በዓይኔ ለመንኩት፤ አላየኝም። «ኦቦ፣ ያኔ ስጠይቅዎ ለምን ውሻ የለንም አሉኝ?» አላቸው። እኔ አስተረጎምኩ።

ኦቦ ሁሴን አልተቆጡም። ጥያቄው ግራ ነው የገባቸው። «የለኝም እኮ» አሉ። «እኔ የምሰግድ ሰው ነኝ። ላም አለኝ፣ ፈረስ አለኝ። ውሻ እንዴት አለኝ እላለሁ? እነሱ ደጅ ነው የሚያድሩት። የአላህ ናቸው።» አጠገባቸው የቆሙት ሽማግሌዎች አዎን እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዳቸውም አልዋሹም። ውሻ ቤት ካልገባ፣ ከዕቃ ካልበላ፣ ካልታሰረ፣ ለእነሱ የሰው ሀብት አይደለም። ደረጀ ደግሞ የሚጠይቀው ሀብት ነበር፤ ከላምና ከበግ በታች ጽፎት፣ «ስንት አላችሁ?» ብሎ።

ያኔ ጋሽ መኮንን ቀስ ብለው ጠየቁ። «ኦቦ ሁሴን፣ ጅብ ሲመጣ የሚጮኸው ማነው?»

«ዳለቻ ነዋ» አሉ ኦቦ ሁሴን ወዲያው። «በፊት ጉራቻም ነበር። እዚያ ማዶ ቦራ አለ፣ ሐመር የምትባል አሮጊት አለች፣ ከኢብራሂም ቤት በላይ ሁለት አሉ፤ ልጆቿ ናቸው።» ሽማግሌዎቹም የጎደለውን እየጨመሩላቸው የመንደሩን ውሻ ሁሉ በስሙ ቆጠሩት። ደረጀ እየሰማ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። ወንድ ልጅ እንደዚያ ሲያለቅስ ከዚያ በፊት አላየሁም።

ጥያቄው ከዚያ በኋላ በጣቢያችን መጠይቅ ውስጥ ገባ፤ የገባው በጋሽ መኮንን አነጋገር ነው። ብዙ ውሻ ተከተበ። ሦስታችንም በር ማንኳኳት ለመድን፤ እኔ ዘፈን ስጽፍ ደረጀ እየመጣ «ይሄ ምንድነው?» ይላል፣ እኔም ጠርሙሶቹ መሐል ገብቼ እጠይቃለሁ። በሕይወቴ ጥሩ ሥራ የሠራሁት በዚያ ጊዜ ነው ብል አልዋሸሁም። ያንን ጊዜ በሞታቸው የገዙልን ማን እንደሆኑ ግን ሁላችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ተደስተንበት አናውቅም።

ደረጀ አልቆየም። ዛሬ ሮቤ ላይ ሚስማርና ቆርቆሮ ይሸጣል። ስገባ ወንበር ያወጣልኛል፣ ሻይ ያስመጣል፣ ስለ ልጆቹ ያወራኛል። አንድ ቀን አንድ ጥናት የሚያደርግ ልጅ ሱቁ ገብቶ «ጥቂት ጥያቄ ልጠይቅዎት?» ቢለው፣ «ሂድልኝ» ብሎ አስወጣው። ጋሽ መኮንን ጡረታ ከወጡ በኋላም ወደ ወብ ይሄዱ ነበር። ሜዳው ላይ አጎዛቸውን አንጥፈው ይቀመጣሉ፤ ቀበሮ ግን ብዙ ጊዜ አያዩም። በመጨረሻ ልጠይቃቸው የሄድኩ ቀን አልጋ ላይ ሆነው፣ «ጽጌ፣ ገምቼ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር» አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩኝን ነገር እዚያ አልጋ ላይ አፈረሱት። እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ። በዚያው ወር አረፉ። ጣቢያዋም ተዘጋች፤ ዕቃው ሲበታተን የጅቡ ጥያቄ የት እንደገባ የጠየቀ የለም። እኔ ሮቤ ተዛውሬ እስከ ጡረታዬ አስተማርኩ።

ያ ወጣት መምህር፣ ኬኩ ላይ የጠየቀኝ፣ ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። ትዕግስት የምትባል ተማሪው ለጥናት ወደ ዲንሾ ልትሄድ ነው፤ አስተርጓሚ ቸግሯታል፤ ይሄዱላት ይሆን? አለኝ። ሄድኩ። ልጅቷ ትሑት ናት፣ ብርዱን አልቻለችውም፣ ታብሌቷን በነጠላዬ እየሸፈንኩላት ከቤት ቤት ዞርን። ማታ ላይ ሐሊማ ቤት ደረስን። ኦቦ ሁሴን ከሞቱ ቆይተዋል። ሐሊማ የአራት ልጆች እናት ሆናለች፤ ፊቷ እናቷን መስሏል። ደጃፏ ላይ፣ ከበረቱ ጥግ፣ አንድ ጥቁር ውሻ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ሰላምታውን ስጨርስ ትዕግስት ጥያቄዋን ጀመረች። ላም ስንት፣ በግ ስንት፣ ፈረስ ስንት። እኔ አስተረጉማለሁ።

«ውሻስ?» አለች ትዕግስት።

«የለንም» አለች ሐሊማ።

ትዕግስት ዜሮ ነካች። ውሻው ቀና ብሎ አየንና መልሶ ተኛ። ልጅቷን ልቆጣት አፌን ከፈትኩ፤ ምን ብዬ ነው የምቆጣት? ማን ነገራት? «ቆይ፣ አንዴ» አልኳትና ወደ ሐሊማ ዞርኩ። «ሐሊማ፣ ጅብ ሲመጣ የሚጮኸው ማነው?»

«ጉራቻ» አለች፤ አገጯን ወደ በረቱ እያሳየች። «ከወንዙ ማዶ ደግሞ ሌሎች አሉ።»

ለትዕግስት ተረጎምኩላት። ውሻውን አየች፣ ሐሊማን አየች፣ ታብሌቷን አየች። «እትዬ፣ ይሄን የማስገባበት ቦታ የለኝም እኮ» አለችኝ፤ ተጨንቃ።

«ቦታ ፈልጊለት» አልኳት።

ሐሊማ የተናገርነውን አማርኛ ሰምታለች። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «አዴ ጽጌ» አለች፤ «እናቴን ግን እንዲህ ብሎ የጠየቃት አልነበረም።»

«አልነበረም» አልኳት።

ከብቱ መምጣት ጀምሮ ስለነበር ተነሥታ ሄደች። ላሞቹን በስማቸው እየጠራች አስገባች። መቅጃዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ አላወጣሁትም። በሩ ሲዘጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ እኔም እስከ መጨረሻው ቆሜ ሰማኋት።